ዶሮዋ ከመምጣቷ በፊት ቤቷ

የሐበሻ ዶሮ የራሷን ቤት ጠይቃ አታውቅም። ቀን ጓሮ ለጓሮ እየጫረች ትውላለች፤ ሲመሽ ከባለቤቶቿ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ገብታ ቆጥ ላይ ትወጣለች። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቤቶችም አኗኗሯ ይኸው ነው። በአገራችን የሰውና የዶሮ ጉርብትና ረጅም ዕድሜ አለው፤ ትግራይ ውስጥ ሜዝበር በተባለ ጥንታዊ መንደር በቁፋሮ የተገኘ የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት 800 ዓመት ገደማ እንደነበረ የተገመተ ሲሆን፣ በአፍሪካ ምድር ከተገኙት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ነው።

ዛሬ እየተገዛ ወደ ግቢ የሚገባው ዶሮ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ሳሶ፣ ኮይኮክ፣ ቦቫንስ ብራውን የሚባሉት ዝርያዎች ስማቸው ገበሬው አፍ ላይ ገብቷል። እንደ ኢትዮ ቺክን ያሉ ድርጅቶች የአንድ ቀን ጫጩት ለአሳዳጊዎች ያከፋፍላሉ፤ አሳዳጊው 45 ቀን ገደማ ካቆየ በኋላ ለየቤተሰቡ ይሸጣል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ዶሮን ከወተት፣ ከማርና ከዓሣ ጋር አስተሳስሮ የእንቁላሉን ነገር የአደባባይ ወሬ አድርጎታል።

ለመግዛት የሚያነሳሳው ምክንያት ግልጽ ነው። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ቦቫንስ ብራውን በደንብ በተያዘ እርባታ ከ300 በላይ ትጥላለች። ይህ ልዩነት ግን በነጻ አይገኝም። ለእንቁላል ብቻ የተመረጠች ዶሮ እንደ ሐበሻዋ ጭልፊት አይታ ቁጥቋጦ ሥር አትሸሽም፤ ጭራ ባገኘችው ብቻም ያንን ሁሉ እንቁላል ልትጥል አትችልም። ብዙ አዲስ አርቢ የሚከስረውም ዶሮዋን በአዲሱ ዋጋ ገዝቶ በአሮጌው ልማድ ሲይዛት ነው።

ስለዚህ ቤቱ ይቀድማል። ቢቸናም ሞጣም ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ደጋማ ከተሞች ናቸው። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ምድሩን ያጨቀየዋል። እዚህ ላይ ከርኅራኄ የሚመጣ ስህተት አለ፤ ባለቤቱ "ብርድ እንዳይመታቸው" ብሎ ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃና በፌስታል ይደፍናል። ላባ የለበሰች ቄብ ደረቅ ቦታ ካገኘች የደጋውን ብርድ ትችለዋለች። የማትችለው እርጥበትንና የታፈነ አየርን ነው። ኩስ ከእርጥብ ጉዝጓዝ ጋር ሲቀላቀል አሞኒያ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ ለመተንፈሻ በሽታም በር ይከፍታል። መፈተሻው ቀላል ነው። ማለዳ በሩን ከፍቶ በዶሮዋ ቁመት ልክ ቁጢጥ ማለት ነው፤ ሽታው ዓይን ካቃጠለ ቤቱ አየር አጥቷል፣ ወይም ጉዝጓዙ መቀየር አለበት።

አየሩ ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር ይግባ፤ ነፋሱ ግን ቆጥ ላይ ያሉትን ዶሮዎች በቀጥታ አይምታቸው። ወለሉ ከግቢው መሬት ከፍ ይበል፣ ዙሪያውን ቦይ ይቆፈርለት፣ የቆርቆሮው ክፈፍም ዝናቡን ከግድግዳው አርቆ የሚጥል ይሁን። ግድግዳው የባሕር ዛፍ አጣና በጭድ ጭቃ ቢመረግ ይበቃል። አጣናው ግን ቅርፊቱ ይላጥ፤ የዶሮ ደም የሚመጥጡ ጥቃቅን ነፍሳት ቀን የሚደበቁት በቅርፊትና በስንጥቅ ውስጥ ነው። ከግድግዳው በላይ ያለው ክፍት ቦታ በጠንካራ ሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቷ ባለፈበት ሁሉ ሰውነቷ ያልፋል፤ አንዴ ከገባችም አንድ ዶሮ ብቻ ገድላ ላትመለስ ትችላለች።

ስድስት ቄብ የገዛ ቤተሰብ ምን ያህል ቤት ይበቃዋል? በአንድ ካሬ ሜትር አራት ዶሮ ቢታሰብ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር የሆነ ወለል ነው፤ ሰፋ ቢል ይሻላል። ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲ ሜትር የቆጥ ቦታ ሲያዝ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቆጥ ያሳድራቸዋል። ለእንቁላል መጣያ በየአቅጣጫው 30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ፣ ጭድ የተነጠፈባቸው ሁለት ሣጥኖች ጨለም ባለው ጥግ ይቀመጡ። ቆጡ ከሣጥኖቹ ከፍ ማለት አለበት። ዶሮ ሲመሽ የምትፈልገው ከፍ ያለውን ቦታ ስለሆነ፣ ሣጥኑ ከበለጠ እዚያው ታድርና እንቁላሉን በኩስ ታበላሸዋለች። ወለሉ ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ የጤፍ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይነጠፍ። አውራ ዶሮ ግዴታ አይደለም፤ ጫጩት ለማስፈልፈል ካልሆነ በቀር ዶሮ ያለ አውራም ትጥላለች።

ቄብ ሳይሆን የአንድ ቀን ጫጩት የሚገዛ ሰው ሥራው ይከብዳል። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ መብራት በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት ቤት ይህ ትልቅ ፈተና ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሰለሞን ደመቀ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ለገጠር ቤተሰብ ይስማማ እንደሆነ የመረመሩት የድርቆሽ ሣጥን ለዚህ የታሰበ ነው። ሣጥኑ ዙሪያውን በደረቅ ድርቆሽ ስለሚታጨቅ የጫጩቶቹን የራሳቸውን የሰውነት ሙቀት ይዞ ያቆያል፤ ጫጩቶቹ ለመብላትና ለመጠጣት ወጥተው እንደገና ለመሞቅ ይመለሱበታል። ከሰልም ኤሌክትሪክም አይጠይቅም። በየመንደሩ ያለ አናጢ ሊሠራው የሚችል ነገር ሆኖ ሳለ ይህን ያህል አለመስፋፋቱ ያሳዝናል።

ወደ መኖው እንምጣ። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች፤ ስድስቱ በወር ከ20 እስከ 22 ኪሎ ይፈጃሉ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ ዶሮ መግዛት ኋላ ያስጨንቃል። የተዘጋጀ የጣይ መኖ ቢገኝ መልካም፤ መንገድ ሲዘጋ ወይም ዋጋው ሲንር ግን ምሥራቅ ጎጃም ራሱ በቆሎ፣ ስንዴና ኑግ አብቃይ ነው። በቆሎው ጉልበት ይሰጣል፣ ፉርሽካው ይደግፋል፣ የኑግ ፋጉሎው ፕሮቲን ይሆናል። ለእንቁላሉ ቅርፊት የኖራ ድንጋይ፣ ወይም ታጥቦና ደርቆ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ያስፈልጋል። የጠላ አተላ በጥቂቱና ትኩስ እንደሆነ ቢሰጥ አይከፋም፤ አድሮ የሻገተው ግን መርዝ ነው። የሻገተ በቆሎም እንዲሁ፤ "ለሰው ካልሆነ ለዶሮ ይሁን" የሚባለው ልማድ መቅረት አለበት። ውኃ ስድስቱ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይጠጣሉ። መጠጫው በየቀኑ ካልታጠበ መኖው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ጣይ ዶሮ ለጥቂት ሰዓታት ውኃ ካጣች በማግስቱ እንቁላሏ ይቀንሳል።

አዲሶቹ ዶሮዎች ግቢ ሲገቡ ከነባሮቹ ጋር አይቀላቀሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻ ይቆዩ፤ መኖ ሰጪው መጀመሪያ ነባሮቹን፣ ቀጥሎ አዲሶቹን ያብላ። ለበዓል የተገዛው አውራ ዶሮም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ከገበያ መጥቶ ከመንጋው ጋር ሁለት ቀን ያደረ ዶሮ፣ የቤቱን ዶሮ ሁሉ ሊፈጅ የሚችለውን ፈንግል ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ፈንግልን የማያውቅ የዶሮ ባለቤት የለም። ብዙ ጊዜ ዝናቡ ሊገባ ሲል ይነሳል፤ ዶሮዎቹ ያቃስታሉ፣ አረንጓዴ ቅዘን ያስቀምጣቸዋል፣ አንገታቸው ይጠመዘዛል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግቢው ባዶ ይሆናል። በሽታው የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ ስለዚህ ከሱቅ የሚገዛው የቴትራሳይክሊን እንክብል አያድነውም። ነጭ ሽንኩርቱም፣ ፌጦውም፣ ሎሚውም አያድኑትም። የሚያዋጣው ክትባት ነው። ክትባቱ በአገር ውስጥ ይመረታል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በዓይን የሚንጠባጠበውንም፣ በውኃ የሚሰጠውንም፣ ሙቀት ቻዩንም ያዘጋጃል። ቄብ የሚገዛ ሰው የትኛው ክትባት መቼ እንደተሰጣት ሻጩን ሳይጠይቅ ገንዘቡን አያውጣ። ክትባቱ በየጊዜው መደገምም አለበት። በውኃ ሲሰጥ ደግሞ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ይገድለዋል፤ ንጹሕ የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውኃ ይሻላል።

ችግሩ ብልቃጡ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተሰናዳ ሲሆን፣ ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ለስድስት ዶሮ ብሎ የሚከፍተው ባለሙያ አይገኝም፤ ስድስት ዶሮ ያለውም ሰው በዚሁ ምክንያት ሳያስከትብ ይቀራል። የአንዱ ግቢ ዶሮ ተከትቦ የጎረቤቱ ሳይከተብ ቢቀርም በሽታው ከሰፈሩ አይጠፋም። ስለዚህ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ዶሮ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገና ቤቱን ስትሠሩ ጎረቤቶቻችሁን አነጋግሩ። በዕድራችሁም ሆነ በቡና ላይ የዶሮዎቻችሁን ቁጥር ደምሩና፣ ዝናቡ ሳይገባ የክትባቱን ቀን ለመቁረጥ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያው አብራችሁ ሂዱ።