የመስማት አቅም ሳያምም እንዴት ይጎዳል?

ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሱሉልታ ደግሞ የእንጦጦን ተራራ ተሻግረው ማልደው ወደ አዲስ አበባ ከሚጓዙት መካከል በርካታ ወጣቶች የጆሮ ማዳመጫ ሰክተው ይታያሉ። የሞተሩ ድምፅ፣ የረዳቱ ጥሪና የመንገዱ ጥሩምባ የሚያዳምጡትን ሲሸፍንባቸው የስልኩን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ። ከመኪናው ከወረዱም በኋላ ብዙዎቹ መልሰው አይቀንሱትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 35 ዓመት የሆኑ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በከፍተኛ ድምፅ በማዳመጥ ልማድ ምክንያት ለመስማት ችግር ተጋልጠዋል።

የጉዳቱ ሥፍራ ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ነው። በዚያ 15 ሺህ ገደማ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይገኛሉ፤ የድምፅን ንዝረት ተቀብለው መልእክቱ ወደ አንጎል እንዲደርስ ያደርጋሉ። ከፍተኛ ድምፅ ሲደጋገምባቸው መጀመሪያ ይደክማሉ፣ ቀጥሎም ይሞታሉ። ዶሮን የመሳሰሉ አእዋፍ የሞቱባቸውን ሕዋሳት መልሰው ማብቀል ይችላሉ፤ የሰው ልጅ ግን ይህን አልታደለም።

ወሳኙ ነገር የድምፁ ከፍታ ብቻ ሳይሆን የቆይታው ጊዜ ጭምር ነው። ድምፅ በዴሲቤል ይለካል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት አንድ አዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል ድምፅን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢያዳምጥ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ድምፁ ወደ 90 ዴሲቤል ካደገ ግን የሚፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። 10 ዴሲቤል ጥቂት ጭማሪ ቢመስልም የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ሆኗል ማለት ነውና።

ወፍጮ ቤት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እህሉን ይዞ ተራ የሚጠብቀው ገበሬ አስፈጭቶ ይሄዳል፤ የወፍጮው ሠራተኛ ግን ቀኑን ሙሉ፣ ዓመት ከዓመት እዚያው ይውላል። በመውቂያ ማሽን፣ በብሎኬት ማምረቻ፣ በብረት መቁረጫ ወይም በሰበታ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሰዎችም ተመሳሳይ ሁኔታ ይገጥማቸዋል። መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው ቀላል መፈተኛ አለ፤ በአንድ ክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገ ድምፁ ለጆሮ አደገኛ ከሆነበት ደረጃ ደርሷል።

ከሥራ ሲወጡ ጆሮ መድፈኑ ወይም ሽው ማለቱ የመጀመሪያው ምልክት ነው። በማግስቱ ስለሚለቅ ብዙዎች ይረሱታል። ሲደጋገም ግን ቋሚ ይሆናል። ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ የሕፃናት ንግግርና እንደ «ሰ»፣ «ፈ» እና «ሸ» ያሉ ፊደላት ይደበዝዛሉ። በዚህ ጊዜ ሰውየው «እሰማለሁ፣ ግን ቃሉ አይለይልኝም» ማለት ይጀምራል።

በወፍጮ ቤት ተዘውትሮ የሚታየው ጥጥ መወተፍ ድምፅን እምብዛም አያግድም። የሚሻለው ለዚሁ የተሠራ የስፖንጅ መሰኪያ ወይም ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መከላከያ ነው። መሰኪያው በንጹሕ እጅ ተጠቅልሎ ከቀጠነ በኋላ፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ማስገባትና እስኪነፋ በጣት ይዞ መቆየት ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛውም በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት።

ስልክን በተመለከተ ድምፁን ከከፍተኛው መጠን ከ60 በመቶ አለማሳለፍ ይመከራል። ጆሮን ደህና አድርጎ የሚገጥም ማዳመጫ የውጭውን ጫጫታ ስለሚቀንስ ድምፅ መጨመር አያስፈልግም፤ ይሁንና መንገድ ሲያቋርጡ የመኪና ድምፅ እንዳይሰማ ስለሚያደርግ ማውለቅ ግድ ነው። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብሎ መቀመጥ፣ በተለይም ሕፃናትን ከፊቱ ማንሳት ይበጃል።

መስማት በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ ከቀነሰ ግን ዘይት በማንጠባጠብ ጊዜ ማባከን አይገባም። ሕክምናው ውጤታማ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተጀመረ በመሆኑ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።