ትልልቆቹ ያበራሉ፣ ትንንሾቹ ይበዛሉ፦ የሩቅ ጋላክሲ ኮከቦች

ዛሬ ስለ ኮከብ ነው የማወራችሁ። በዕብራይስጥ ኮኻቭ፣ በአማርኛ ኮከብ፤ ቃሉ ራሱ ዘመድ ነው። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ በጣም ሩቅ በሆነ ጋላክሲ ውስጥ ስንት ትልልቅ፣ ስንት ትንንሽ ኮከብ እንደተወለደ በምን እናውቃለን? አንድ በአንድ አንቆጥራቸውም፤ ከዚያ ርቀት የሁሉም ብርሃን ተደባልቆ ነው የሚደርሰን።

መጀመሪያ ኮከብ እንዴት ይወለዳል? የጋዝና የአቧራ ደመና አለ፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ጋዙ ሲቀዘቅዝ ወደ ውጭ የሚገፋበት ጉልበት ይደክማል፤ የራሱ ስበት ያሸንፈውና ወደ ውስጥ እየተሰበሰበ ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ ኮከብ ሊሆን ይችላል። ከፀሐይ ክብደት 8 በመቶ ያህል ካልሞላ ግን ሃይድሮጅኑን ማንደድ አይችልም፤ ኮከብ ሳይሆን ይቀራል። በክረምት ሌሊት ሚጽፔ ራሞን አካባቢ ብትወጡ፣ ከኦርዮን ቀበቶ ሥር እንደ ጭጋግ የምትታየው ነገር እንዲህ ያለች የኮከቦች መወለጃ ናት። 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች።

ከአንድ ደመና ግን እኩል ኮከቦች አይወለዱም። ኤድዊን ሳልፒተር ቪየና የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ በልጅነቱ ከናዚዎች ሸሽቶ አውስትራሊያ ገባ። በ1955 በፀሐይ ዙሪያ ያሉትን ኮከቦች ይዞ ሒሳቡን አወጣ፦ ክብደቱ 10 እጥፍ ሲጨምር የሚወለደው ቁጥር 20 እጥፍ ያህል ይቀንሳል። በአካባቢያችን ከ4 ኮከብ 3ቱ ያህል ቀይ ድንክ የሚባሉት ትንንሾቹ ናቸው። ያለ ቴሌስኮፕ ግን አይታዩንም።

ብርሃኑ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ከፀሐይ 20 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ በአሥር ሺዎች እጥፍ ያበራል፤ ነዳጁን ግን በ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጨርሶ ይፈነዳል። ፀሐይ 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል ትኖራለች፤ ድንኮቹ ደግሞ ከሷም እጅግ ይበልጣሉ።

እስቲ ከሰርግ አዳራሽ ውጭ ቆማችኋል እንበል። የሚሰማችሁ ከበሮው ነው። ዝም ብለው የተቀመጡት እንግዶች ስንት ናቸው? ከምታውቁት ሰርግ ተነስታችሁ ትገምታላችሁ። ተመራማሪዎችም ለብዙ ዘመን ያደረጉት ይህንኑ ነው፦ የሰፈራችንን ልክ ወስደው የሩቁን ጋላክሲ መዘኑበት።

ልኩ ግን ሁሉም ቦታ ይሠራል? በ2010 ፒተር ቫን ዶኩምና ቻርሊ ኮንሮይ የትልልቅ አሮጌ ጋላክሲዎችን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና በትነው አዩት። ሶዲየም ድንክ ኮከቦች ላይ የሚተወው ጥቁር መስመር ጠንከር ያለ ነው። ያንን መስመር ፈልገው፣ እዚያ ያሉት ድንኮች በኛ ጋላክሲ ልክ ከሚጠበቀው በላይ እንደሚበዙ አገኙ። ያ ማለት በዚያው ብርሃን ጋላክሲው የበለጠ ይከብዳል ማለት ነው። በሌላ መንገድ የተመዘኑ አንዳንድ ትልልቅ ጋላክሲዎች ደግሞ እንደኛው ሆነው ተገኙ፤ ስለዚህ ክርክሩ አልተዘጋም።

ከ2022 ወዲህ ነገሩ ጦፏል። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ዓለሙ ገና ጥቂት መቶ ሚሊዮን ዓመት ሲሆነው የነበሩ፣ ከተጠበቀው በላይ የሚያበሩ ጋላክሲዎችን አሳየን። ባጭር ጊዜ እንዴት ያን ያህል ገዘፉ? አንዱ መልስ ላይገዝፉ ይችላሉ የሚል ነው። ያኔ ጋዙን የሚያቀዘቅዙት እንደ ካርቦንና ኦክስጅን ያሉት ንጥረ ነገሮች ጥቂት ነበሩ፤ ጋዙ ሞቅ ካለ ቁራጮቹ ትልልቅ ይሆናሉ። ትልልቅ ኮከብ ሲበዛ ደግሞ ጥቂት ክብደት ብዙ ብርሃን ይሰጣል። ሌሎች መልሶችም አሉ፤ እኔን የሚማርከኝ ግን ይሄኛው ነው።

እንግዲህ ወደፊት «ይህ ጋላክሲ ይህን ያህል ቢሊዮን ፀሐይ ይመዝናል» የሚል ዜና ስታነቡ፣ «ድንኮቹን በማን ልክ ቆጠራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።