ቡችላ በገባበት ቤት የቆየው ውሻ ጠባይ

እመቤት ሆይ፤ ለዓመታት ከደጅ መሽናትን የለመደው ውሻዎ፥ አዲስ ቡችላ በገባ በሳምንቱ ምንጣፍ ላይ ቢሸና፥ በቂም ያደረገው መስሎዎት በትር አያንሡ። ውሻ ቤቱን የሚያውቀው በማሽተት ነውና፥ የእንግዳው ሽንት በሸተተው ሥፍራ የራሱን ምልክት ያኖራል። ቢመታም ተደብቆ መሽናትን ይማራል እንጂ አይተውም።

ሥፍራውን በሳሙናና በውሃ አጥበው በኮምጣጤ ያብሱት፤ አሞንያ ያለበት ማጽጃ ግን ሽታው ሽንትን ስለሚመስል ውሻውን ወደዚያው ይመልሰዋል። ምግቡም አስቀድሞ ለነባሩ ይሰጠው።

ከድሬዳዋ በስተምዕራብ እንዳለችው እንደ ሁርሶ ባለ የቆላ አገር፥ ሽንቱ በዛ ብሎ ውሃ መንፈግ ታላቅ ስሕተት ነው፤ በዚያ ሙቀት ውሻ ካልጠጣ ይጎዳል። ይልቁንስ ማለዳና ማታ፥ ከበላም በኋላ፥ ከቡችላው ለይቶ ደጅ ማውጣት ይሻላል። ሽንቱ ደም የተቀላቀለበት ወይም በጭንቅ የሚወጣ እንደ ሆነ ግን፥ ቅናት ያልነው ነገር የፊኛ ሕመም ሊሆን ይችላልና፥ ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።