ሥር ያለው ወይስ ሥር የሌለው? ለደጋ ከተማ የዓሣ ገንዳ የመጀመሪያውን ተክል ስለ መምረጥ



የዛሬው ጥያቄያችን ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በቤተ ሙከራ፣ በትምህርት ቤት ወይም በመኖሪያ ቤት የመስታወት የዓሣ ገንዳ ያዘጋጀ ጀማሪ በቅድሚያ የትኛውን ሕያው ተክል ያስገባበት? ለዛሬ ሁለት ዕጩዎችን አቀርባለሁ። አንደኛው ሴራቶፊለም ዴመርሰም፣ ሁለተኛው ቫሊስኔሪያ ስፓይራሊስ ይባላል። ሁለቱም ሙሉ ሕይወታቸውን ከውኃ በታች የሚያሳልፉ ናቸው፤ ሁለቱም በሀገራችን ይበቅላሉ፤ ሁለቱም በጣና ሐይቅ ይገኛሉ። በሌላው ዓለም ለጀማሪ በብዛት የሚመከሩት ጃቫ ፈርንና አኑቢያስ በተፈጥሮ የሞቃት አካባቢ ተክሎች ናቸው። የእኛ ሁለቱ ግን ቀዝቀዝ ያለ ውኃንም ይችላሉ። ይህም ለሆሳዕና፣ ለዱራሜና ለአካባቢያቸው ከተሞች ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ለምን ቢባል፣ እነዚህ ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። ማሞቂያ በሌለው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊወርድ ይችላል። ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን የአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውኃ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል። በ2,200 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በሩብ ያህል ስለሚቀንስ፣ ያው ውኃ ሊይዝ የሚችለው ወደ 7 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ዓሦች የሚተነፍሱት ከመነሻው ከሳሳ ክምችት ነው። ተክል ቀን በብርሃን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል፣ ኦክስጅንም ይወስዳል። በደጋ ከተማ የተክል ምርጫ የውበት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ተክሎች እንምጣ። በመካከላቸው ያለው ዋነኛ ልዩነት የመልክ ሳይሆን የአመጋገብ ነው።

ሴራቶፊለም እውነተኛ ሥር የለውም። እንደ ቀንድ የተሰነጣጠቁ ቀጫጭን ቅጠሎቹ በግንዱ ዙሪያ በቀለበት በቀለበት ይደረደራሉ፤ ምግቡንም በአብዛኛው በቀጥታ ከውኃው ይመጠምጣል። በተለይ አሞንየምን በፍጥነት ይወስዳል። አዲስ ገንዳ ያቋቋመ ሰው ይህን በሚገባ ሊያጤነው ይገባል። የዓሣ ፍሳሽና የተረፈ መኖ አሞንያ ይፈጥራሉ፤ አሞንያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። አሞንያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በገንዳው ውስጥ በበቂ ቁጥር እስኪረቡ ድረስ ከአንድ ወር በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚህ አደገኛ ጊዜ ሴራቶፊለም የጎደለውን ይሞላል። መትከል አያስፈልገውም፤ ውኃው ላይ መጣል ብቻ በቂ ነው። ከአንድ ቁራጭ ግንድ አዲስ ተክል ይወጣል።

ይሁን እንጂ ጥንካሬው ራሱ ድክመቱ ነው። ምቹ ሁኔታ ካገኘ በጥቂት ሳምንታት የውኃውን ገጽ ሸፍኖ ብርሃን ወደ ታች እንዳይዘልቅ ይከለክላል። ከታች ያሉት የራሱ ቅርንጫፎች ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፤ የረገፈው ቅጠል ሲበሰብስም ኦክስጅን ይበላል። በዚህ ላይ ጥቅጥቅ ያለው ተክል የሌሊት አተነፋፈስ ሲጨመር፣ ኦክስጅን ዝቅተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ባለው ሰዓት ነው። ማለዳ ዓሦች አፋቸውን ወደ ውኃው ገጽ አንጋጠው ከታዩ፣ ምልክቱ ይህ ነው። መድኃኒቱም በየሳምንቱ መከርከም ነው።

ቫሊስኔሪያ የተሰየመው ከ1661 እስከ 1730 እ.ኤ.አ. በኖረው ጣሊያናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በአንቶኒዮ ቫሊስኔሪ ነው። ቅጠሎቹ እንደ ጥብጣብ ረጃጅም ሆነው ከአንድ እምብርት ይወጣሉ። ሥሩን በአሸዋ ውስጥ ይሰድዳል፣ ከዚያም ይመገባል። በቅጠሎቹ ውስጥ ባሉት የአየር መተላለፊያዎች አማካይነት ኦክስጅንን እስከ ሥሩ ያወርዳል፤ የተወሰነውም ወደ አሸዋው ይወጣል። ይህ የገንዳው ወለል ጠቁሮ እንዳይሸት ይረዳል። ለመትከል ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የታጠበ አሸዋ ያስፈልጋል፤ ሥሩ ሲቀበር እምብርቱ ከአሸዋው በላይ መቅረት አለበት፤ አለበለዚያ ይበሰብሳል። በተተከለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቀድሞ ቅጠሎቹ ሟሙተው ሊጠፉ ይችላሉ። ብዙ ጀማሪ በዚህ ጊዜ «ሞተ» ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። ሥሩ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ግን ሊታገሡት ይገባል።

የአረባቡ ነገር በሀድያና በከምባታ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። የእንሰት አሚቾ ተቆርጦ ሲቀበር ብዙ ችግኝ እንደሚያወጣና ችግኞቹ ሁሉ የእናታቸው ግልባጭ እንደሚሆኑ እናውቃለን። ቫሊስኔሪያም በአሸዋው ላይ ጭራ እየዘረጋ ልጆቹን በየርቀቱ ያቆማል፤ ሁሉም የእናቲቱ ግልባጮች ናቸው። በዚህ ተክል ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ግለሰቦች ስለሆኑ ከአንዲት እናት የተባዛ ገንዳ በአንድ ጾታ የተሞላ ይሆናል፤ ስለዚህም ዘር አያፈራም። ሁለቱ ጾታዎች በአንድ ገንዳ ከተገናኙ ግን ድንቅ ነገር ይታያል፤ ጥቃቅኖቹ ወንድ አበቦች ከሥር ተገንጥለው ወደ ገጹ ይወጣሉ፣ ተንሳፍፈውም በረጅም ዘንግ ላይ ወደ ገጹ ወደ ደረሰችው ሴት አበባ ይጠጋሉ። ከተዳቀለች በኋላ የሴቷ ዘንግ ተጠምዝዞ ፍሬውን ወደ ታች ይስበዋል።

እንግዲህ የትኛውን እንምረጥ? ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እንጠይቅ። አንደኛ፣ ገንዳው አዲስ ነው ወይስ የቆየ? በአዲስ ገንዳ ሥር የሌለው ይሻላል፤ የሚመገበው ከውኃው ነውና። ሁለተኛ፣ የሚኖርበት ዓሣ ምንድን ነው? ቆሮሶ ለስላሳ ተክል ይበላል፤ ጎልድፊሽ ደግሞ አሸዋ እየቆፈረ ሥር ይነቅላል። ከቆሮሶ ጋር ሁለቱም ተክሎች ኪሳራ ይደርስባቸዋል፤ ከጎልድፊሽ ጋር ቫሊስኔሪያን በድንጋይ ከልሎ መትከል ያሻል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ ገንዳውን ማን ይጠብቀዋል? በየሳምንቱ የሚከረክም እጅ ካለ ሴራቶፊለም ጥሩ አገልጋይ ነው። የዩኒቨርሲቲና የትምህርት ቤት ገንዳ ግን ክረምት ሲገባ ለሳምንታት ያለ ተመልካች ሊቀር ይችላል። ያልተከረከመ ሴራቶፊለም በዚያ ጊዜ ገንዳውን ሞልቶ ዓሦቹን በሌሊት ሊያፍን ይችላል። ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው፤ ለተቋም ገንዳ በሴራቶፊለም ጀምሩ፣ ባክቴሪያው እስኪረባ ይቆይ፣ ከጎኑም ቫሊስኔሪያ ይተከል፤ ቫሊስኔሪያው ሥር ሲሰድድ ሴራቶፊለሙን አስወግዱ። አንዱን ብቻ ምረጡ ከተባለ፣ ለተቋም ቫሊስኔሪያ፣ በየዕለቱ ለሚንከባከብ ግለሰብ ሴራቶፊለም።

«አስወግዱ» የሚለው ቃል ግን ማብራሪያ ይሻል። ጉዳዩ ከገንዳው ወጥቶ የሁላችን የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አስቀድሞ ስለ አመጣጡ። ከሐይቅ የተለቀመ ተክል ከቀንድ አውጣ ጋር ሊመጣ ይችላል፤ ባዮምፋላሪያ የተባለው የቀንድ አውጣ ወገን ደግሞ የአንጀት ቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነው። ተክሉን በጓንት መያዝ፣ በተለየ ባልዲ ለሳምንታት ማቆየት፣ ቀንድ አውጣንና በቅጠል ላይ የተለጠፈ እንቁላሉን መልቀም ግዴታ ነው። የሐይቁንም ውኃ አብሮ ማምጣት አይገባም።

ቀጥሎ ስለ አወጋገዱ። እምቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ከአህጉር ወደ አህጉር የተሻገረው በአብዛኛው ለአበባው ውበት ሲባል ነበር። በኢትዮጵያ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1965፣ በጣና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 መታየቱ ተመዝግቧል። ዛሬ በጣና ዙሪያ የሚኖር ገበሬና ዓሣ አስጋሪ የሚከፍለውን ዋጋ ሁላችንም እናውቃለን። «የእኛዎቹ ተክሎች የሀገር ልጆች ናቸው» የሚል መልስ እዚህ ላይ አይበቃም፤ ሴራቶፊለም በኒው ዚላንድ ሐይቆች ውስጥ ከባድ ወራሪ ሆኗል። ከአንድ ውኃ ለሌላው ባዳ የሚሆን ተክልም አለ። ከሆሳዕና በስተ ምሥራቅ የሚፈሰው ውኃ ወደ ብላቴ ተፋሰስ ይወርዳል፤ የቦዮ ረግረግ የሚገኘው በዚያው ነው፤ ብላቴም ዞሮ ዞሮ አባያ ሐይቅ ይገባል። በስተ ምዕራብ ያለው ወደ ጊቤና ኦሞ ይወርዳል። በቦይ የተጣለ አንድ ቁራጭ ግንድ ከሁለቱ ወደ አንዱ የሚያደርስ መንገድ አለው።

ስለዚህ የተከረከመውን ተክል በፀሐይ ላይ ፍርክርክ እስኪል አድርቁት፤ ከዚያም ከኮምፖስት ጋር ቀላቅሉት። የገንዳውንም ውኃ ወደ ቦይ ሳይሆን በእንሰት ሥር ባለው አፈር ላይ አፍስሱት፤ በውስጡ ያለው ናይትሬት ለተክሉ ማዳበሪያ ይሆናል።