አባይ ያደረበት ገንቦ

የሱዳኗ ኦምዱርማን ከታሪካችን መዝገብ የገባችው በሐዘን ነው፤ በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት ከወደቁ በኋላ ራሳቸው ተቆርጦ የተወሰደው ወደዚች ከተማ ነበርና። ከዚያ ዘመን አስቀድሞ ይወርድ የነበረ፣ ከዚያም ወዲህ ጦርነትም ሆነ ዕርቅ ያላቋረጠው ሌላ የአገራችን ነገር ግን አለ፤ እርሱም አፈራችን ነው። አባቶቻችን «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለው የተረቱበት ወንዝ፣ በክረምት ሞልቶ ሲደፈርስ ከግንዱ የሚበልጥ ደለል ተሸክሞ ይወርዳል፤ በካርቱም ከነጭ አባይ ጋር ተገናኝቶ ኦምዱርማንን ሲያልፍም ከሸክሙ ጥቂቱን በዳርቻው ያራግፋል። በወንዙ ዳር አልቀማይር በሚባለው ሰፈር የሚሠሩ ሸክላ ሠሪዎች ይህን ደለል ዝቀው ከፋንድያ ጋር ያቦኩታል፤ ቅርጽ ሰጥተው በፀሐይ ካደረቁት በኋላም በእሳት ያጸኑታል።

ከእጃቸው ከሚወጡት ዕቃዎች ሁሉ በከተማው የከበረው ዚር የሚባለው የውኃ ጋን ነው። አፉ ሰፊ፣ ሥሩ ሹል ሆኖ፣ እግር ባለው ማስቀመጫ ላይ ተሰይሞ፣ የተጠማ መንገደኛ ሁሉ ያለ ዋጋ እንዲጠጣበት በየደጃፉና በየዛፉ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ቀርቦ ላየው ሰው የዚሩ ገላ ላብ እንዳጠመቀው ገበሬ ወዝቶ ይታያል፤ ጣት ቢያሳርፉበት ይቀዘቅዛል፤ ከሹል ሥሩም ጠብታ እየተንጠባጠበ ከበታቹ ያለውን አሸዋ ያረጥበዋል። ሊቃውንቶቻችን የሥጋ ባሕርያት የሚሏቸው አራቱ፣ መሬትና ውኃ፣ ነፋስና እሳት፣ በዚህ ዕቃ ላይ ተባብረው ይሠራሉ፤ መሬት ገላውን ሰጥቶት፣ እሳት አጽንቶት፣ ውኃው በሸክላው ረቂቅ ቀዳዳዎች ሾልኮ ወደ ውጭ ሲወጣ ነፋስ ይቀበለዋል፤ እየተነነ ሲሄድም የውስጡን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ፣ በግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት ከተማ የዚሩ ውኃ ለጉሮሮ ዕረፍት ይሆናል።

ከዚሩ ሥር የረጠበው አሸዋ ግን ለአትክልተኛ ሌላ ትምህርት ይዟል። እንዲህ ያለ ሸክላ በነፋስ ፈንታ በአፈር ቢከበብ፣ ማለት እስከ አንገቱ በጓሮ መሬት ውስጥ ቢቀበር፣ ነፋስ ይወስደው የነበረውን ወዝ አፈሩ ይጠጣዋል፤ ከአፈሩም የተክሉ ሥር ይቀበለዋል። ደረቅ አፈር ውኃን የመሳብ ኃይሉ ብርቱ ሲሆን የረጠበ አፈር ግን ኃይሉ ስለሚላላ፣ ገንቦው መሬቱ ሲጠማ ፈጥኖ፣ ሲረካ ዘግይቶ ያዛል፤ እንደ ገዳም መጋቢም ለእያንዳንዱ ሥር መቍነኑን ሳያበዛና ሳያሳንስ ያድላል። ሥሮቹም ይህን ዐውቀው ይመስላል፣ ወራት ካለፉ በኋላ ገንቦውን ቆፍሮ ያወጣ ሰው እንደ መረብ ተጠላልፈው ገላውን አቅፈውት ያገኛቸዋል።

በአገራችን ባለሞያ ሴት አዲስ ሸክላ ከገበያ ስታመጣ ምጣዱን በጎመን ዘር አሽታ፣ ድስቱንም አሟሽታ የሸክላውን ዐይን ካልደፈነች አትገለገልበትም። ለጓሮ የሚቀበረው ገንቦ ግን ያልተሟሸ፣ ቅባትም ቀለምም ያልነካው መሆን አለበት፤ በማጀት ነውር የነበረው ማዛት በጓሮ ሞያ ይሆናልና። ሆኖም የሚያዛውና የተሰነጠቀው አንድ አይደሉም፤ ስንጥቁ ውኃውን ባንድ ጊዜ አፍስሶ ባዶውን ይቀራል።

አሠራሩ ለማንም አይከብድም። ከገንቦው ሰፋ ያለ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ የወጣው አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተደባልቆ፣ ገንቦው አፉ ብቻ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ከመሬት ብቅ እንዲል ተደርጎ ይቀበራል፤ አፈሩም ከገላው ጋር እንዲጣበቅ በእጅ ጠቅጠቅ ይደረጋል። ከዚያ ውኃ ተሞልቶ፣ ፀሐይ እንዳትመጠው፣ ትንኝም እንዳይራባበት በክዳን ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደናል። ቲማቲሙ፣ ባሚያው፣ ሐብሐቡ ከገንቦው ጠርዝ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ዙሪያውን ይተከላል። የላዩ አፈር ደረቅ ሆኖ ስለሚቆይ አረሙ ይቀንሳል፤ ለሥር የተባለውንም ውኃ ፀሐይ ቀድማ አትወስደውም።

ይህ ጥበብ ዛሬ የተፈለሰፈ አይደለም። በቻይና ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የእርሻ መጽሐፍ የጻፈው ፋን ሼንግዢ፣ በጉድጓድ መካከል ውኃ የሞላ ገንቦ ቀብረው በዙሪያው አራት የሐብሐብ ወገን ዘር እንዲዘሩ አስተምሯል። በሕንድ አገር በካርናል ያለው የጨዋማ መሬት ምርምር ተቋምም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ ነገሩን መርምሮ፣ ጨው በቀላቀለ ውኃ እንኳ በዚህ መንገድ አትክልት ማብቀል እንደሚቻል አሳይቷል። ሰፊ እርሻ ያላቸው ደግሞ፣ እስራኤላዊው መሐንዲስ ሲምሐ ብላስና የሐጼሪም የእርሻ ማኅበር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 በመሠረቱት በኔታፊም ኩባንያ አማካይነት የተስፋፋውን የጠብታ ቱቦ ከመሬት በታች እየቀበሩ ሥርን በቀጥታ ያጠጣሉ፤ ነገር ግን ቱቦው ፓምፕና ማጣሪያ ይሻል፣ ሥርም ውኃ ፍለጋ ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍናል።

ገንቦውም ጉድለት አያጣም። ለጤፍና ለማሽላ ማሳ የሚሆን አይደለም፤ መሙላቱ የሰው ጉልበት ይጠይቃልና። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠላቱ የተወለደበት ጭቃ ነው፤ በክረምት የደፈረሰ የአባይ ውኃ እንዳለ ቢገባበት ደለሉ ቀዳዳዎቹን ቀስ በቀስ ስለሚደፍን፣ ውኃው በሌላ ዕቃ አድሮ ከጠለለ በኋላ ቢሞላበት ይሻላል።

የዓመቱ ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር በማይሞላባት ኦምዱርማን፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት የቧንቧው ውኃ እየተቋረጠ፣ ነዋሪው በአህያ ጋሪ የሚመጣ ውኃ ሲሻማ፣ «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረታችን በወንዙ ዳር ባለ ሕዝብ ላይ ደርሷል። እንዲህ ባለ ጊዜ በባልዲ የመጣ ውኃ በጠራራ ፀሐይ መሬት ላይ ሊደፋ አይገባም፤ አንድ ገንቦ ውኃ ለቀናት ቢከፋፈል ለአራት ግንድ ባሚያ ይበቃል። ያን ጊዜም ከደጋችን ተጠርጎ የወረደው አፈር ገንቦ ሆኖ፣ አብሮት የወረደውን ውኃ በሆዱ ይዞ፣ በሰው ጓሮ ከባሚያ ሥር ሥር ያድራል፤ ማደሪያ የለውም የተባለው አባይም ለጥቂት ሌሊት ማደሪያ ያገኛል።