አጥንት የማይረሳው ማዕድ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በመኪና ተጉዛችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ የጊቤን በረሃ ተሻግራችሁ ዳገቱን ከወጣችሁ በኋላ፣ ጅማ ከመግባታችሁ በፊት አሰንዳቦን ታገኛላችሁ። እኔም በአንድ ወቅት በዚያ ሳልፍ የማውቃቸው ባልና ሚስት ቤት ምሳ ተጋበዝኩ። የቀረበው የበቆሎ ቂጣ፣ ጎመንና አይብ ሲሆን፣ ለእንግዳው ክብር ተብሎ ደግሞ ጥብስ ተጨምሮበታል። እህታችን እጅ አስታጥባ፣ ምግቡን አቅርባ፣ ለእኔም ለባለቤቷም ካጎረሰች በኋላ እሷ ግን አልተቀመጠችም። «እናንተ ብሉ፤ እኔ በኋላ ከልጆቹ ጋር እቀምሳለሁ» አለች። በኋላ የሚቀመሰው ቂጣና ጎመን ብቻ እንደሚሆን ማናችንም አልተናገርንም፤ ሁላችንም ግን እናውቀው ነበር።

ቡናው ሲፈላ ጨዋታ ተነሳ። ወንድማችን ሲያርስ የሸክላ ስባሪ እንዳገኘ ነገረኝና «ለመሆኑ ጋሼ፣ መጀመሪያ መሬት ያረሱት ሰዎች ምን ይበሉ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በቁፋሮ የከሰለ እህልና የከብት አጥንት ያገኛሉ። ይህ ግን በጓዳ ውስጥ ምን እንደነበረ እንጂ ማን ምን ያህል እንደበላ አይናገርም። ያንን የሚናገረው የበላተኛው የራሱ አጥንት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ሁሉ ክብደቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ከ100 የካርቦን አተሞች 99ኙ ያህል ቀላሉ ካርቦን 12 ሲሆኑ፣ 1 ያህሉ ከበድ ያለው ካርቦን 13 ነው። እነዚህ ወንድማማቾች አይሶቶፕ ይባላሉ። (ለዕድሜ መለኪያ የሚያገለግለው ካርቦን 14 ሌላ ነው፤ እሱ በጊዜ ብዛት እየጠፋ ይሄዳል፣ ካርቦን 13 ግን እንዳለ ይኖራል።) ታዲያ ዕፅዋት ካርቦኑን ከአየር ሲወስዱ እኩል አይወስዱም። ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ጎመንና እንሰት ከባዱን በጣም ይቀንሱታል፤ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍና ዳጉሳ ደግሞ ከእነሱ የበለጠ ያስገባሉ። ሰውም የበላውን ይመስላል። የስንዴ ዳቦና የጤፍ እንጀራ በሆድ ውስጥ ቢቀላቀሉም በአጥንት ላይ የሚተዉት ምልክት ይለያያል።

ሳይንቲስቶቹ ከአጥንቱ ትንሽ ቁራጭ ወስደው በቀጭን አሲድ ይዘፈዝፉታል። ማዕድኑ ሟሙቶ ሲሄድ ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ይቀራል። እሱን አቃጥለው ወደ ጋዝ ከለወጡት በኋላ የአተሞቹን ክብደት በሚለይ መሣሪያ ይለኩታል። አጥንት ቀስ እያለ የሚታደስ ስለሆነ የሚነግረን የመጨረሻውን እራት ሳይሆን የብዙ ዓመታትን አመጋገብ ነው። ጥርስ ግን በልጅነት ተሠርቶ ስለሚያልቅ የልጅነትን ማዕድ ይዞ ይቆያል። ፎገልና ቫን ደር ሜርዌ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1977 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ በሰሜን አሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት የኖሩ ጥንታውያን ሰዎች በቆሎ መብላት መጀመራቸውን ከአጥንታቸው አሳዩ።

ሁለተኛው ምስክር ናይትሮጅን ነው። ከባዱ ናይትሮጅን ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ሰው ባለፈ ቁጥር ከፍ ይላል። ስለዚህ ሥጋና ወተት የሚያዘወትር ሰው እህል ብቻ ከሚበላው ይለያል። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ጡት የሚጠባ ሕፃን ከእናቱ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ መገኘቱ ነው፤ የሚመገበው ከእሷ አካል ነውና። ሌላ ምግብ ሲለምድ ቁጥሩ እየወረደ ይመጣል። በዚህ ዘዴ ዛሬ ቱርክ በምንላት አገር፣ ቻታልሆዩክ በተባለች የዛሬ 9000 ዓመት ገደማ በነበረች የገበሬዎች መንደር፣ ሕፃናት ጡት የሚተዉት 1 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆናቸው እንደነበረ ተመራማሪዎች ገምተዋል።

በዚያችው መንደር የወንዶችና የሴቶች አጥንትም ተመርምሮ ነበር። ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም፤ አባወራውም እማወራዋም የበሉት ተመሳሳይ ነው። ቻይና ውስጥ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የጥንቶቹ የቻይና ገበሬዎች ወንዱም ሴቱም ተመሳሳይ ምግብ ይበሉ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ771 እስከ 221 ዓመት በቆየው የምሥራቃዊ ዡ ዘመን ግን ማዕዱ ተለያየ። ወንዶቹ ዳጉሳ መሰሉን የአገሩን ነባር እህልና ሥጋ ሲበሉ፣ ሴቶቹ ሥጋው ቀንሶባቸው በዚያ ዘመን እምብዛም ወደማይከበሩት ወደ ስንዴና አኩሪ አተር ወረዱ። በልጅነት የመጎዳት ምልክትም በሴቶቹ አጽም ላይ በዛ። ያን ጊዜ ይህን በደል ብሎ የመዘገበ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም። ምናልባት ሴቶቹም «እናንተ ብሉ» ሲሉ ኖረው ይሆናል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሥራው ይከብዳል። የጅማ አካባቢ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው። እንዲህ ባለ መሬት አጥንት ቶሎ ይበላል። በ2012 እ.ኤ.አ. በጋሞ ደጋ ሞታ በተባለ ዋሻ የተገኘውና የጋሞ ሰዎች ባይራ፣ ማለትም በኩር፣ ያሉት ሰው 4500 ዓመት ሳይጠፋ የቆየው ዋሻው ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ ነው። በ2015 የታተመው የዘር ቅንጣቱ ጥናት በዓለም ዙሪያ ቢያስገርምም፣ ባይራ ገበሬ ሳይሆን አድኖና ለቅሞ የሚኖር ሰው ነበር።

አጥንቱ ቢገኝም አንባቢው መጠንቀቅ አለበት። በቆሎ ከአሜሪካ የመጣው ከኮሎምበስ የ1492 ጉዞ በኋላ ስለሆነ ከዚያ በፊት ለኖረ ኢትዮጵያዊ ከባዱ ካርቦን ከጤፍ፣ ከማሽላ ወይም ከዳጉሳ የመጣ ነው። ወይም ደግሞ ከወተት፤ ምክንያቱም የቆላና የወይና ደጋ ሣር አብዛኛው እንደ ማሽላ ነው፣ ላሚቱም የበላችውን በወተቷ ታስተላልፋለች። እንሰትና ገብስ በካርቦን አይለዩም። በዚያ ላይ የጓሮው እንሰት ፍግ ይለብሳል፣ ፍግ ደግሞ የተክሉን ናይትሮጅን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ቆጮ የበላ ሰው ሥጋ በላተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ይህን ሁሉ በቡናው ላይ አወራኋቸው። እህታችን ስኒውን እየቀዳች «ቡናውንስ ይነግራል?» አለች። አይነግርም አልኳት፤ በስኒ ቡና ውስጥ አጥንት የሚሠራ ፕሮቲን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሳቀችና በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ወደ ፊት አዙራ «እንግዲያው የዚህ አጥንት አሁን እኔን ነው የሚበላው» አለች።

ወንድማችን አልሳቀም። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ከጥብሱ የተረፈ አለ?» ብሎ ጠየቃት።

«ትንሽ አለ» አለችው። «ለማታ ላንተ አስቀምጬዋለሁ።»