ጎግል የማያየው ገበያ

ጎግልን የመሰለ መፈለጊያ የሚሠራው ከገጽ ወደ ገጽ እየተጓዘ ያገኘውን በመመዝገብ ነው። በይለፍ ቃል የተቆለፈ፣ በስልክ መተግበሪያ ውስጥ የተቀመጠ ወይም ሲጠየቅ ብቻ ከመረጃ ቋት የሚወጣ ነገር በአብዛኛው ያመልጠዋል።

ጉዳዩ የቴክኒክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የቢቢሲ ዐረብኛ ጋዜጠኞች ኩዌት ውስጥ አዲስ የመጡ ባልና ሚስት መስለው «ፎርሴል» በተባለው የመገበያያ መተግበሪያ 57 ሰዎችን አነጋገሩ፤ ከ12 በላይ የሚሆኑትንም በአካል አገኙ። ለሽያጭ የቀረቡት የቤት ሠራተኞች ነበሩ። አብዛኞቹ ሻጮች ፓስፖርታቸውን ቀሙ፣ ከቤት አታስወጡ ብለው መከሩ።

ስለዚህ ስለ ጭቁን እኅቶቻችን የምናጠና ተማሪዎች፣ ጎግል ዝም ስላለ «ችግር የለም» አንበል። ማስረጃውን በያለበት፣ ከሁሉ በፊት ከሠራተኞቹ አንደበት እንፈልግ።